ኤምቢኤ ማመልከቻ ከድሬዳዋ፦ ፈተናው፣ ወጪው፣ የአለቃዬ ደብዳቤ

የካቲት፦ ምን እንደሚጠይቁ ማየት

ሥራዬ ትራንዚት ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር ሰነዱ እስኪሟላ፣ ቀረጡ እስኪከፈል፣ ዕቃው ባለቤቱ መጋዘን እስኪገባ መከታተል። ድሬ ውስጥ ከዚህ ሥራ ጋር የማይነካካ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ውጭ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ማመልከት ፈልጌያለሁ። ከዚህ ከተማ ሆኖ ያመለከተ ሰው የጻፈው ነገር ፈልጌ ስላጣሁ እየሠራሁ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የአራት ትምህርት ቤት ፎርም ከፍቼ አነበብኩ። ሃርቫርድና ስታንፎርድ ሁለት ዓመት ናቸው፣ የፈረንሳዩ ኢንሲያድ 10 ወር፣ ኦክስፎርድ አንድ ዓመት። የሚጠይቁት ይመሳሰላል፦ አጭር ሲቪ፣ የመግቢያ ፈተና (ጂማት ወይም ጂአርኢ) ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ ኢሴይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የማመልከቻ ክፍያ። ከወደዱህ ለኢንተርቪው ይጠሩሃል።

ዋጋው ያስደነግጣል። የሃርቫርድም የስታንፎርድም የትምህርት ክፍያ ብቻውን በዓመት ከ75 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በብር ማስላቱን ተውኩት። ሃርቫርድ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው በውጤት ሳይሆን በገንዘብ አቅም መሆኑን ሳነብ ግን ትንሽ ተነፈስኩ። ለእንግሊዝ ቺቭኒንግ የሚባል የመንግሥታቸው ስኮላርሺፕ አለ። ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱ ሀገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ለኤምቢኤ የሚከፍለው ግን ጣሪያ አለው፣ ልዩነቱን ራሳችሁ ናችሁ የምትሞሉት። ይቺን ብዙ ሰው አያያትም።

የአሜሪካዎቹ የመጀመሪያው ዙር ፈረንጅ ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል፣ ሁለተኛው ጃኑዋሪ መጀመሪያ ላይ። ሦስተኛ ዙር ያላቸውም አሉ፤ ግን ወንበሩም ስኮላርሺፑም ተመናምኖ ነው የሚደርሰው፣ ለእኛ ደግሞ የቪዛው ጊዜ ያጥራል። ሁለተኛውን ዙር ያዝኩ። ጃኑዋሪ መጀመሪያ ማለት በእኛ የገና ሰሞን ነው። ይሄ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

መጋቢት፦ ያረጀ ፒዲኤፍ

ጂማት መረጥኩ። ጂአርኢም ይሠራል፣ ትምህርት ቤቶቹ ሁለቱንም እኩል እናያለን ነው የሚሉት። ጂአርኢ የቃላት ሸክሙ በዛብኝ። ጂማት ላይ ደግሞ ሰንጠረዥና ግራፍ ማንበብ አለ፣ እሱ የየቀን እንጀራዬ ነው።

ከቴሌግራም መጽሐፍ አወረድኩ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ፎቶኮፒ ቤት አሳትሜ አስጠረዝኩት። ሴንተንስ ኮሬክሽን የሚለውን የሰዋስው ክፍል በየምሽቱ ስሠራ ከርሜ ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው ያ ክፍል ከፈተናው እንደወጣ ያወቅኩት። ፈተናው ተቀይሯል። ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ የሚሰጠው አዲሱ ብቻ ነው፦ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ሦስት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ። ሒሳብ 21 ጥያቄ፣ ቨርባል (ንባብና አመክንዮ) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ (ሰንጠረዥና ግራፍ ያለበት) 20። ሰዋስው ማረም የለም፣ ጂኦሜትሪ የለም፣ ድርሰትም የለም። ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው፣ የመጨረሻዋ አኃዝ ሁሌም 5። “700 ካላመጣሽ አትድከሚ” የሚለውም ምክር አርጅቷል፣ የድሮው 700 በአዲሱ 645 አካባቢ ነው።

ጥራዙን አልጣልኩትም። የሒሳብ ጥያቄዎቹ ጂኦሜትሪውን እየዘለሉ ለመለማመድ ይሆናሉ። ዋናው ዕቃ ግን የፈተናው ባለቤቶች ድረገጽ ላይ ያለው ነው፣ ሁለት ሙሉ ሞክ (የልምምድ ፈተና) በነጻ ይሰጣሉ። መጽሐፍ ከማውረዳችሁ በፊት እዚያ ጀምሩ።

ሚያዝያና ግንቦት፦ ሞክ፣ ሙቀት፣ መብራት

ግንቦት ላይ ድሬ ከሰዓት ማጥናት የሚባል ነገር የለም። ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ሙቁን አየር ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው፣ እኔም ተኛሁ። ጥናቱን ወደ ንጋት 11 ሰዓት አዛወርኩት፣ የቀረውን ማታ ግቢ ውስጥ።

የመጀመሪያው ሞክ 495። ሁለተኛው ላይ ዳታ ኢንሳይትስ ደርሼ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር ያለ ቻርጀር ሩብ ሰዓት አይቆይም። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ ባትሪ አስቀየርኩ፣ ኢንተርኔቱን ከስልክ በሆትስፖት አደረግኩ። ፈተናውን ቤት ሆኖ በኦንላይን መውሰድ ይቻላል፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ የአዲስ አበባ መንገድ ግን ይቀራል። ሐሳቡ ማርኮኝ ነበር። ካሜራ እያየህ፣ ኔት ሳይቆራረጥ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ? ከዚያ ሞክ በኋላ ተውኩት።

የተሳሳትኩትን ሁሉ ኤክሴል ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። የጥያቄው ዓይነት፣ የፈጀው ጊዜ፣ የሳትኩበት ምክንያት። ሒሳቡ ከባድ ሆኖብኝ አልነበረም፣ 12ኛ ክፍል ከተማርነው አይከብድም። ያው ካልኩሌተር የለም፣ ካልኩሌተር ያለው ዳታ ኢንሳይትስ ላይ ብቻ ነው። ችግሩ ቨርባል ላይ የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እያሻሸሁ መጨረሻ ላይ ያሉትን ሳላነብ መገመቴ ነበር። አዲሱ ፈተና ጥያቄ ላይ ምልክት አድርጎ ለማለፍ ይፈቅዳል፣ በየክፍሉ መጨረሻ ጊዜ ከተረፈ እስከ ሦስት መልስ መቀየር ይቻላል። ሁለት ደቂቃ ያለፈውን ጥያቄ ገምቼ፣ ምልክት አድርጌ እንድሄድ ራሴን አስገደድኩ። ውጤቱን ያነሳው በዋናነት ይሄ ነው።

ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለውን ግን ወደድኩት። ጥያቄ ይሰጡሃል፣ ሁለት መረጃ ይሰጡሃል፣ መልሱን አውጣ አይሉህም። “መልሱን ለማውጣት ይሄ መረጃ ይበቃል ወይ?” ነው የሚሉት። አንዱ ብቻውን ይበቃል? ሁለቱ ባንድ ላይ? ወይስ ሁለቱም አይበቁም? ፋይል ጉምሩክ ከማስገባቴ በፊት የማደርገው ይሄንኑ አይደል! ብዙ ሰው የሚወድቀው ስሌቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር ነው። መብቃቱን ካወቅክ እርሳሱን ጣል።

ሰኔ፦ ፈተናው

ክፍያው ወደ 300 ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ ተሻግሯል፣ የኔ ደሞዝ ግን አልተሻገረም። ጅቡቲ ያለው ያክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝ፣ ሒሳቡን ከአክስቴ ጋር ቀስ በቀስ እንወራረዳለን።

ከክፍያው ይልቅ ያስጨነቀኝ ስም ነው። ዲግሪዬ ላይ የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበትና ፓስፖርቴ ላይ ያለው በሁለት ፊደል ይለያያል። ፈተናው ላይ የሚያዩት ፓስፖርት ነው፣ የተመዘገባችሁበት ስም ከሱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት፣ ካልገጠመ አያስገቡም፣ ብሩም አይመለስም። እኔ አካውንቱን የከፈትኩት ዲግሪውን እያየሁ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ደብዳቤ ጽፌ አስተካከሉልኝ። ሌላው ጣጣ “ላስት ኔም” የሚለው ነው። የአያት ስም የሚያስገባ አለ፣ የአባት የሚያስገባ አለ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ያዙና ከዚያ በኋላ የትም ፎርም ላይ አትቀይሩ።

አውቶብሱ ሙሉ ቀን ነው የፈጀው። አንድ ቀን ቀድሜ ገብቼ ዘመድ ቤት አደርኩ። 625 መጣ። 645 ነበር የምፈልገው። እንደገና ለመውሰድ ቢያንስ 16 ቀን መጠበቅ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። ጓደኞቼ ድገሚው አሉኝ፣ እኔ አልደገምኩም። የሥራ ታሪኬ ወረቀት ላይ ምንም ሳይመስል 20 ነጥብ መጨመር የተቀደደ ጆንያ መሙላት ሆኖ ታየኝ። የቀረኝን ጊዜና ብር ወደዚያ አዞርኩ።

ሐምሌ፦ ሲቪና የጠፋው ማስረጃ

የድሮ ሲቪዬ አራት ገጽ ነው። ፎቶ፣ ጾታ፣ የትውልድ ቀን፣ ቀበሌ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ “ጠንካራ ሠራተኛና ታማኝ”። ሁሉም ወጣ። አንድ ገጽ ብቻ፣ ምን ሠራሽ፣ ምን ተለወጠ። ዓመተ ምሕረቱንም መቀየር ነበረብኝ። በ2011 ተመርቄ ፎርሙ ላይ 2011 ብዬ ብሞላ ስምንት ዓመት ትርፍ ልምድ ያለኝ ይመስላል።

አስቸጋሪው “ምን ተለወጠ” የሚለው ነው። የማወራው ነገር አለኝ። የመርከብ ድርጅቱ ኮንቴይነሩን ባዶ አድርጋችሁ መልሱ ብሎ የነጻ ቀን ይሰጣል፣ ቀኑ ካለፈ በየቀኑ በዶላር ይቆጥራል፣ ከፋዩ አስመጪው ነው። ቢሮ ስገባ ይሄን ቀን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ሲመቸው ይመልሳል፣ ሒሳቡ ሲመጣ ጩኸት ይሆናል። እኔ የኤክሴል ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ የነጻ ቀኑ ሊያልቅ የተቃረበው ረድፍ ቀይ ይሆናል፣ ጠዋት ጠዋት ለቀዮቹ እደውላለሁ። ይሄው ነው። ጩኸቱ ቀነሰ።

ምን ያህል ቀነሰ? ማንም አልጻፈውም። እኔም በየወሩ ከድሮው ላይ እየደመሰስኩ ነበር የምሞላው።

ከዚያ ቁፋሮ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሒሳብ ሠራተኛዋ ካርቶን ውስጥ ያሉ ደረሰኞች፣ የግማሾቹ ቀለም ጠፍቷል። ቀጥሎ የቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ፦ ሹፌሮቹ ኮንቴይነር ሲያስረክቡ የወረቀቱን ፎቶ ይልካሉ፣ ቀኑ እዚያ ላይ አለ። ይሄ አዳነኝ። ከፎቶዎቹ ቀኑን እየለቀምኩ ከደረሰኞቹ ጋር አገጣጠምኩ። ሙሉ መረጃ ያገኘሁት ለጥቂት ደንበኞች ብቻ ነው። ለነሱ መዘግየቱ በአማካይ ከ9 ቀን ወደ 3 ወርዷል።

ሲቪው ላይ “ለድርጅቱ ሚሊዮኖችን አዳንኩ” ብዬ እንድጽፍ የመከረኝ ሰው አለ። ምናልባት እውነት ነው፣ ግን ማሳየት አልችልም፣ ኢንተርቪው ላይ “እንዴት አሰላሽው?” ሲሉ ምን ልል ነው? የጻፍኩት ደረሰኝ ያለውን ብቻ ነው። ሌላ ሥራ ላይ ያላችሁም ብትሆኑ፣ ለማመልከት ባታስቡም፣ ከዛሬ ጀምሮ በፊት ምን እንደነበር የሆነ ቦታ ጻፉ። በኋላ መልቀም መከራ ነው።

አንድ ሌላ ሰው ያየልኝ ነገር፦ ቋንቋ። ከሹፌሮቹ ጋር በሶማሊኛ፣ ከገበሬው ማኅበር ጋር በኦሮምኛ፣ ቢሮ በአማርኛ፣ ሰነዱን በእንግሊዝኛ። ድሬ ላይ ይሄ ማንም ሰው ነው፣ ለመጻፍ አስቤውም አላውቅም። አስገባሁት።

ነሐሴና መስከረም፦ የአለቃዬ ደብዳቤ

ከሁሉም የቆየው ይሄ ነው። አለቃዬን በድሬ ወግ አንተ ነው የምለው፣ አባቴ ቢሆን የማልነግረውን የምነግረው ሰው ነው። ሁለት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከቅርብ አለቃ። ጠየቅኩት።

“አቦ፣ ችግር የለም። ጽፈሽ አምጪው፣ ማህተም አደርግበታለሁ።”

እዚህ ሀገር ደብዳቤ የሚሠራው እንዲህ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን አይሆንም። ሊንኩ የሚላከው በቀጥታ ለሱ ኢሜይል ነው፣ ራሱ ገብቶ ራሱ ነው የሚሞላው፣ አመልካቹ ጽፎት ከተገኘ ማመልከቻው ሊሰረዝ ይችላል። ማህተም የሚያርፍበትም ቦታ የለውም። “ያለ ማህተም ምን ደብዳቤ አለ?” አለኝ፣ ከልቡ።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት የጋራ ፎርም ሁለት ዋና ጥያቄ አለው። አንደኛው፦ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩ ሌሎች ጋር ስትተያይ እንዴት ናት? ሁለተኛው፦ ከሰጠሃት የማስተካከያ አስተያየት ዋነኛው ምንድን ነው፣ እሷስ እንዴት ተቀበለችው? ሁለተኛውን በአማርኛ ስተረጉምለት ፊቱ ተቀየረ።

“ስምሽን ላጥፋ ነው የምትይኝ?”

ለሱ ለምስክርነት ተጠርቶ ክፉ ማውራት ነውር ነው። “ጥፋት የላትም ብዬ እጽፋለሁ” አለ። ባህሪዋ መልካም፣ ሥራዋን አክባሪ፣ ለበላይ ታዛዥ፤ የሚያውቀው የደብዳቤ ቋንቋ እሱ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ስለኔ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ለታዛዥነት ኤምቢኤ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ደግሞ አላውቅም።

የጥያቄዎቹን ትርጉም አትሜ ሰጠሁት። ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ቀጥሎ የሠራሁትን በነጥብ ዘርዝሬ ሰጠሁት፣ ይሄ ይፈቀዳል፣ ምን እንደሠራህ ማስታወስ ችግር የለውም። እሱንም አላነበበውም። ቢሮ ውስጥ ስልኩ አያርፍም። የሠራው ነገር ከሰዓት በርጫ ላይ ሄጄ መጠየቅ ነው። እኔ አልቅምም፣ ሻሂዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ ደብዳቤው አላነሳሁም። “ያኔ ስታመም የሆነውን ታስታውሳለህ?” አልኩት።

አስታወሰ እንጂ! ታምሜ በቀረሁበት ሳምንት ቀዮቹን ረድፎች የሚያይ ሰው አልነበረም፣ ሰንጠረዡም የተቀመጠው እኔ ላፕቶፕ ላይ ነው። ስመለስ የተናገረኝን ቃል በቃል ደገመው፦ “ያንቺ ስልክ ሲዘጋ ቢሮው ተዘጋ። ሠራተኛ ነሽ ወይስ ቁልፍ?” ተናድጄ ነበር ያኔ። በኋላ ግን ሰንጠረዡን ሁሉም እንዲያየው አደረግኩት፣ ሁለት ጀማሪዎችን አስተማርኩ፣ አንዷ አሁን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች። አለቃዬ ይሄን ሁሉ እየሳቀ ሲያወራ “በቃ እሱን ጻፈው” አልኩት። ክፉ ወሬ አለመሆኑን ያኔ ገባው።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር። አርሚልኝ አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ምን ብሎ እንደጻፈው አላየሁም። ፎርሙ ላይ ችሎታ በደረጃ የሚሞላበት ሰንጠረዥ አለ፣ ሁሉንም ከፍተኛው ላይ ምልክት እንዳያደርግ ብቻ ለመንኩት። ሁሉ ነገር የመጨረሻው ከሆነ አንባቢው አንዱንም አያምንም።

የኢሜይል ነገር ደግሞ አለ። ትምህርት ቤቶቹ የሥራ ኢሜይል ይመርጣሉ፣ የኛ ቢሮ በጂሜይል ነው የሚሠራው። ተጨማሪ መረጃ የሚለው ሣጥን ውስጥ በሁለት መስመር አስረዳሁ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ከቀድሞ ኃላፊዬ አደረግኩት። አሁን አዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው፣ የሥራ ኢሜይል አለው፣ ቶሎም ጨረሰ። ስለሱ የምጽፈው ብዙ ነገር የለም።

ጥቅምትና ኅዳር፦ ኢሴይ

ሁለት ትምህርት ቤት ላይ ወሰንኩ፣ ሃርቫርድና ስታንፎርድ። ስታንፎርድ ለዓመታት ሳይቀይር የሚጠይቀው “ከሁሉ በላይ ትልቅ ቦታ የምትሰጠው ነገር ምንድን ነው? ለምን?” የሚል ነው፣ ከዚያ “ለምን ስታንፎርድ?” ይከተላል፣ ሁለቱ ተደምረው 1,000 ቃል። የሃርቫርድ ሦስት አጫጭር ናቸው፣ ስለ ሥራ ምርጫህ 300 ቃል፣ ሌሎችን ስለማብቃትና ስለ ጉጉትህ 250፣ 250።

የመጀመሪያ ረቂቄ “ሀገሬን ከድህነት ለማውጣት” ብሎ ይጀምራል። ለአንዲት የቢሮ ጓደኛዬ ሰጠኋት፣ አንብባ “ይሄን ማነው የጻፈው?” አለችኝ። ጣልኩት።

ሁለተኛው የከተማ ታሪክ ሆነ። ባቡሩ በፈረንጅ 1902 ድሬ እንደደረሰ፣ አዲሱ መስመር በፈረንጅ 2016 እንደተመረቀ፣ ነጻ የንግድ ቀጠናው በእኛ ነሐሴ 2014 ሥራ መጀመሩ። ሁሉም እውነት ነው፣ እኔ የለሁበትም። 300 ቃል ውስጥ ለከተማ ታሪክ ቦታ የለም።

ሦስተኛው ከቀዩ ረድፍ ጀመረ። ኮንቴይነሩ በጊዜው ይመለስ ብዬ ስጮህ የኖርኩበት ሣጥን ባዶውን ነው የሚመለሰው። የምናስገባው ከምናስወጣው ስለሚበልጥ አብዛኛው ባዶ ነው የሚወርደው። በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ቡና ያላቸው፣ ጥራጥሬ ያላቸው ትናንሽ ላኪዎች አሉ፣ አንድ ኮንቴይነር ብቻቸውን መሙላት ስለማይችሉ ለትልቅ ነጋዴ አሳልፈው ይሸጣሉ። የነሱን ዕቃ አሰባስቦ ያንን ባዶ ሣጥን መሙላት ነው የምፈልገው። ይሄን ለማድረግ የማላውቀውን ዘረዘርኩ፦ ዋጋ አወጣጥ፣ የባንክ ብድር አሠራር፣ ከአሥር ሰው በላይ መምራት። ኤምቢኤው ለምን እንዳስፈለገኝ የዚያኔ ራሱ መጣ።

እንግሊዝኛው ሳይሳካ ብዙ ጊዜ ቆየ። በአማርኛ ለጓደኛዬ በድምፅ ተናግሬ ስልኬ ላይ ቀድቼ፣ ከዚያ ሰምቼ መጻፍ ጀመርኩ። ይሄ ከሁሉ የተሻለ ሆነ። ስናገር “ሁለንተናዊ” አልልም።

ታኅሣሥ፦ ትራንስክሪፕትና ሰዓት

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ላስወጣ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ስሄድ የኮስት ሼሪንግ ቀሪ እንዳለብኝ ነገሩኝ፣ እሱ ካልተከፈለ አይወጣም። ድርድሩ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው ፎርሙን በደንብ ያነበብኩት። ለማመልከቻ ስቱደንት ኮፒ ስካን አድርጎ መጫን ይበቃል፣ ኦፊሻሉን የሚጠይቁት ከተቀበሉህ ነው። ስለዚህ ያ ወጪ ይቆየኝ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ከሬጅስትራር ወሰድኩ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን በእንግሊዝኛ ብቻ የተማረን ሰው ከቶፍል (ከእንግሊዝኛ ፈተናው) ነጻ ያደርጉታል። ለፈተና ከምታወጡት ገንዘብ በፊት ይሄን ጠይቁ።

የማመልከቻ ክፍያ ስታንፎርድ 275 ዶላር፣ ሃርቫርድ 250። አቅም የሌለውን ከክፍያ ነጻ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ጥያቄው ግን ማመልከቻው ሳይገባ አስቀድሞ ነው የሚቀርበው። ለአንዱ ጠይቄ ተፈቀደልኝ፣ ለሌላው ያክስቴን ልጅ እንደገና አስቸገርኩ።

የሃርቫርድ ቀነ ገደብ እኩለ ቀን ነው፣ በቦስተን ሰዓት። በክረምታቸው ከኛ በስምንት ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ ስለዚህ በእኛ ማታ 2 ሰዓት ማለት ነው። “12:00” የሚለውን አይቶ እኩለ ሌሊት ነው ብሎ የሚዝናና ሰው ያመልጠዋል። አለቃዬ ደግሞ ለገና ቤተሰብ ጋ ሄዶ ደብዳቤው ገና አልተላከም ነበር። ደወልኩ፣ ኔት የለም አለ። ሆቴል ገብቶ ከዋይፋይ ላከው። የድጋፍ ሰጪዎቹን ቀን ከእውነተኛው ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በዓል ካለበት ሦስት።

ጥር፦ እስኪጠሩ

ኢንተርቪው በጥሪ ነው። የሃርቫርዱ 30 ደቂቃ ነው፣ ጠያቂው ማመልከቻውን አንብቦት ይመጣል፣ ካለቀ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚላክ ጽሑፍም አለ። ባይጠሩኝም ልምምዱ አይጎዳኝም ብዬ ከቢሮ ጓደኛዬ ጋር ማታ ማታ ጀምረናል። ሲቪዬን ይዛ መስመር በመስመር “እንዴት አወቅሽ?” ትለኛለች። 9 እና 3 የሚሉት ቁጥሮች ላይ አሁን አልንተባተብም። “ለምን አሁን?” የሚለው ላይ ገና ነኝ፣ መልሴ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ወደ አንድ ማውረድ አለብኝ።

ቺቭኒንግ እንደገና ሲከፈት እሱንም እሞላለሁ። ደረሰኞቹን ስካን አድርጌ ጨርሻለሁ፣ ካርቶኑን ለሒሳብ ሠራተኛዋ መልሻለሁ።